ቀይ ምልክት ያለበት ሣጥን፦ የቢሮ ኢሜይል ምስሎችን ፍለጋ

ሰኞ ጠዋት

ቦርሳዬን ገና ሳላስቀምጥ ስልኩ ጮኸ። «ልጄ፣ ምስሉ አይታይም» አሉኝ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ። የትኛው ምስል ብዬ ስጠይቃቸው «ሁሉም» ብለው ዘጉት። እስከ ረፋዱ ድረስ ተመሳሳይ አቤቱታ ከሌሎች አምስት ሰዎች መጣ።

ባለፈው ሳምንት መጨረሻ ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል። የመሥሪያ ቤቱ አዲስ ዓርማ በሠራተኛው ሁሉ የኢሜይል ፊርማ ውስጥ ገብቷል። በየሰኞው ለሠራተኛውና ለደንበኞች የሚላከው ሳምንታዊ መልእክትም አዲስ መልክ ይዞ ወጥቷል። አንድ ነገር ብቻ ቢለወጥ ጥፋቱን ከዚያው መፈለግ ይቻል ነበር፤ ሁለት ነገር አብሮ ሲለወጥ ግን ጥፋቱ አንድ ይሁን ሁለት ይሁን እንኳ አይታወቅም።

አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ባልደረባዬ «ጋሼ፣ ለሁሉም አንድ ላይ ቅንብሩን እንክፈተውና ይለቅ» አለኝ። እኔ ግን ምንም ሳልነካ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ በየጠረጴዛው ዞርኩ። የፈለግኩት በባዶው ሣጥን ውስጥ ምን እንደተጻፈ ለማየት ነው። ሰው ምስል ሳይታየው ሲቀር ቀዩን የኤክስ ምልክት ያይና ሥሩ ያለውን ጽሑፍ ሳያነብ ያልፋል። ጉዳዩን የሚናገረው ግን ያ ጽሑፍ ነው።

በሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ኮምፒውተር ላይ፣ የቢሮአችን የኢሜይል ፕሮግራም በሆነው አውትሉክ ውስጥ የተጻፈው፣ ሲተረጎም፣ «ምስሎቹን ለማውረድ በቀኝ አዝራር ይጫኑ፤ የግል ምስጢርዎን ለመጠበቅ አውትሉክ ይህ ምስል ከኢንተርኔት በራሱ እንዳይወርድ አግዷል» የሚል ነው። ሁለት ጠረጴዛ አልፎ የግዥ ሠራተኛው ዘንድ ያለው ሣጥን ፈጽሞ ሌላ ነገር ይላል፦ «የተያያዘው ምስል ሊታይ አልቻለም፤ ፋይሉ ተዛውሮ፣ ስሙ ተለውጦ ወይም ተሰርዞ ሊሆን ይችላል።» አቤቱታው በአንድ ቃል ነው የመጣው፤ ሣጥኖቹ ግን ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ይናገራሉ። አንደኛው «ማምጣት እችላለሁ፣ ግን አላመጣሁም» ይላል። ሌላኛው «ልፈልገው ሄጄ አጣሁት» ይላል። ወጣቱ እንዳለው ለሁሉም ብንከፍት ኖሮ የመጀመሪያው ይፈታል፤ ሁለተኛው እንደነበረ ይቀራል፤ እኛም ማስረጃውን አጥፍተን ቁጭ እንላለን።

ሰኞ ከሰዓት

ለወጣቱ ባልደረባዬ በወረቀት ላይ ሥዬ ያስረዳሁትን እዚህም ልጻፈው፤ የሳምንቱ ሥራ ሁሉ በዚህ ላይ ቆሟል።

በኢሜይል ውስጥ የምናየው ምስል ከሁለት ቦታ በአንዱ ይኖራል። ወይ ከደብዳቤው ጋር አብሮ ተጉዟል፣ ወይ ደብዳቤው አድራሻውን ብቻ ይዞ መጥቷል። አብሮ የሚጓዘው ምስል ወደ ተራ ፊደላትና ቁጥሮች ተገልብጦ በደብዳቤው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ይህ አገለባበጥ ቤዝ 64 ይባላል፤ እያንዳንዱን ሦስት ባይት በአራት ፊደል ስለሚጽፍ ምስሉ በመንገድ ላይ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይወፍራል። ለዚህ ምስል «የይዘት መለያ» የሚባል ምልክት ይሰጠዋል፤ ጽሑፉም «እዚህ ቦታ ላይ ያንን መለያ የያዘውን ምስል አስቀምጥ» ይላል። ሁለቱ መለያዎች በአንዲት ፊደል እንኳ ከተለያዩ ምስሉ ከደብዳቤው ግርጌ እንደ አባሪ ይንጠለጠላል፤ ቦታው ግን ባዶ ይሆናል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተደነገገ ሲሆን ዛሬም የምንሠራው በእሱ ነው።

በአድራሻ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ደብዳቤው ቀላል ነው፤ ምስሉ በአንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ተቀባዩ ደብዳቤውን ሲከፍት ይጠራል። ሰርቨሩ ከሌለ፣ ከታጠረ ወይም አድራሻው ከተሳሳተ ምስል የለም።

ስለዚህ ከማንኛውም ቅንብር በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ምስሉ የት ነው ያለው?» የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት ሁለቱን ደብዳቤዎች ለፈተና ወደያዝኩት የጂሜይል አድራሻ ላክሁና «ዋናውን አሳይ» የሚለውን ከፈትኩ፤ የደብዳቤው ጥሬ ጽሑፍ ከራስጌው እስከ ግርጌው ይዘረገፋል። ሳምንታዊው መልእክት በውስጡ አንድም ምስል የለውም፤ ሁሉም አድራሻ ነው። የግዥ ሠራተኛው ያሳየኝ ደብዳቤ ፊርማ ደግሞ ወደ ዲስክ የሚያመለክት መንገድ ይዟል፤ እሱን ለረቡዕ አቆየሁት።

ማክሰኞ

ዛሬ የታገዱት ምስሎች ተራ ነው።

አውትሉክ ከውጭ የሚጠሩ ምስሎችን በራሱ እንዳያወርድ ማገድ የጀመረው ከ2003 እትሙ ነው፤ ምክንያቱም ጠንካራ ነው። በደብዳቤ ውስጥ አንድ በአንድ ፒክስል የሆነ፣ ለዓይን የማይታይ ምስል ማስቀመጥ ይቻላል። ተቀባዩ ደብዳቤውን ሲከፍት ምስሉ ከላኪው ሰርቨር ይጠራል፤ በዚያች ቅጽበት ላኪው አድራሻው በሥራ ላይ መሆኑን፣ ደብዳቤው መቼ እንደተከፈተና ጥሪው ከየትኛው የኔትወርክ አድራሻ እንደመጣ ያውቃል። አጭበርባሪ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሺህ አድራሻ ላይ ልኮ አርባዎቹ ከከፈቱ፣ ቀጣዩ ደብዳቤ የሚሄደው ለእነዚያ አርባ ሰዎች ነው።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ የገንዘብ ክፍያ የሚያዝዙ ሰው ናቸው። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይህ እገዳ ሊነሣላቸው ከማይገባ ሰዎች ቀዳሚዋ እሳቸው ናቸው። ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ ተቆጡ። «ታዲያ የራሳችንን ዓርማ ማየት ተከለከልኩ?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የራሳችን መልእክት የተመደበው ከማይታወቁ ላኪዎች ጋር ነበር፤ ሳምንታዊው መልእክት አዲስ መልክ ሲይዝ የላኪው አድራሻም አብሮ ተለውጦ ኖሯል። የቀድሞው አድራሻ በአስተማማኝ ላኪዎች ዝርዝር ውስጥ ነበር፤ አዲሱ የለም። አውትሉክ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ካለ ላኪ የሚመጣን ምስል ሳያግድ ያወርዳል።

መፍትሔው አዲሱን አድራሻ በግሩፕ ፖሊሲ (የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች ሁሉ ከአንድ ቦታ ማቀናበሪያ) በኩል ለሁሉም በዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት ነው። ግን እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው የላኪ አድራሻ ነው፤ የላኪ አድራሻ ደግሞ ሊመሰል ይችላል። አንድ አጭበርባሪ በእኛው አድራሻ ስም ከውጭ ቢጽፍ፣ አስተማማኝ ብለን ያስገባነው ስም በሩን ይከፍትለታል። ስለዚህ ዝርዝሩን ከመንካቴ በፊት የገቢ ደብዳቤ ማጣሪያችን በእኛ ዶሜይን ስም መጥቶ የማረጋገጫ ፈተናዎችን ያላለፈን ደብዳቤ ይመልስ እንደሆነ ፈተሽኩ። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉት ሦስቱም ፈተናዎች በቦታቸው ናቸው። ዲማርክ ግን «ተመልከትና አሳልፍ» በሚለው ደረጃ ላይ ቆሞ ነበር፤ ይህ ማለት የተመሰለውን ደብዳቤ ያያል፣ ይመዘግባል፣ ያሳልፋል። ወደ ማገድ ደረጃ ከፍ እንዲል የሚመለከተውን ባልደረባ አነጋግሬ ከሰዓት በኋላ ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ነው አድራሻውን ያስገባሁት። ሙሉውን ዶሜይን አላስገባሁም፤ አንዷን አድራሻ ብቻ።

ኃላፊዋ ዘንድ ሄጄ አሳየኋቸው። ሳምንታዊው መልእክት ዓርማውን ይዞ ተከፈተ፤ ከሥሩ ያለው ከማይታወቅ ነጋዴ የመጣው ማስታወቂያ ግን እንደታገደ ነው። «እንዲህ ከሆነ ይሁን» አሉኝ።

ረቡዕ

የዛሬው ላኪው ራሱ የሚያየው፣ ሌላ ሰው ግን የማያየው ፊርማ ነው።

የግዥ ሠራተኛው የተቀበለው ደብዳቤ የተጻፈው በሰው ኃይል ክፍል ነው። ወደዚያ ሄድኩ። ጸሐፊዋ በሚገባ የተዘጋጀ ፊርማዋን አሳየችኝ፤ ዓርማው ጥርት ብሎ ይታያል። «ይኸው፣ እኔ ጋ ምንም ችግር የለም፤ ለራሴ ልኬ ሞክሬዋለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ለራሷ ልካ አይታዋለች። የሰኞው ጥሬ ጽሑፍ ላይ ያየሁት መንገድ ግን የሚያመለክተው ወደ እሷው ኮምፒውተር ዲስክ ነው፤ በእሷ ስም ወዳለው ማውጫ፣ ከዚያ ወደ ሥዕሎች፣ ከዚያ ወደ ዓርማው ፋይል። እሷ ስትከፍተው መንገዱ አለ፣ ፋይሉም አለ። የግዥ ሠራተኛው ሲከፍተው አውትሉክ በእሱ ዲስክ ላይ ያንን መንገድ ይፈልጋል፤ የለም። ሣጥኑ «ተዛውሮ ወይም ተሰርዞ ሊሆን ይችላል» ያለው ለዚህ ነው።

ለራስ ልኮ በዚያው ኮምፒውተር ላይ መክፈት ፈተና አይደለም። ይህንን በክፍላችን ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ። ፈተና የሚባለው ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ወዳለ አድራሻ ልኮ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ በተላቀቀ ስልክ ላይ መክፈት ነው።

የቀረው ጥያቄ ለምን የሚለው ነው። አውትሉክ በተለመደው ሁኔታ ሲላክ እንዲህ ያለውን የዲስክ ምስል አንሥቶ በደብዳቤው ውስጥ ያስገባዋል። በሰው ኃይል ክፍል ባሉ አራት ኮምፒውተሮች ላይ ግን አያስገባም፤ በሌሎቹ ክፍሎች ያስገባል። ሬጂስትሪውን (የዊንዶውስ ቅንብሮች የሚመዘገቡበትን ቦታ) ከፍቼ በአውትሉክ የደብዳቤ አማራጮች ሥር «ምስሎችን ከሰነዱ ጋር ላክ» የሚል ትርጉም ያለውን እሴት አየሁ። በአራቱም ላይ 0 ነው። 1 መሆን ነበረበት። አንድ ሰው በአንድ ወቅት የደብዳቤዎችን መጠን ለመቀነስ አስቦ ለውጦት ሳይሆን አይቀርም፤ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ወደ 1 መልሼ፣ አውትሉክን ዘግቼ ከፈትኩ፣ ወደ ፈተናው አድራሻ ላክሁ፣ ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ዓርማው መጣ።

መጣ፣ ግን ደብዳቤው ራሱ ለመጫን ጊዜ ወሰደ። መጠኑን አየሁ፤ ሁለት መስመር ጽሑፍ የያዘው ደብዳቤ ወደ 2.4 ሜጋባይት ይጠጋል። የዓርማው ፋይል 1.8 ሜጋባይት ነው፤ በቤዝ 64 ሲጻፍ አንድ ሦስተኛ ይጨመርበታል፣ ሒሳቡ ገጠመ። ስፋቱ 3000 ፒክስል ነው፤ በፊርማው ላይ የሚታየው ግን በ200 ነው። ማዕዘኑን ይዞ በአይጥ መጎተት የሚታየውን እንጂ ፋይሉን አያሳንሰውም። አሥር ጊዜ የሚመላለስ የደብዳቤ ልውውጥ እንዲህ ያለ ፊርማ ደራርቦ ሲሸከም የሰው የኢሜይል ሣጥን በወር ይሞላል። ዓርማውን በ400 ፒክስል ስፋት አዘጋጅቼ ፒኤንጂ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት አስቀመጥኩት፤ 18 ኪሎባይት ሆነ። 400 ያደረግኩት ጥራታቸው ከፍ ባለ ስክሪኖች ላይ እንዳይደበዝዝ ብዬ ነው። ይህችኑ ፋይል ለሁሉም ክፍሎች አሰራጨሁ።

ሐሙስ

ደንበኞች መደወል ጀምረዋል። ሳምንታዊው መልእክት በእኛ ቢሮ ውስጥ ይታያል፣ ውጭ ባሉት ዘንድ ግን አናቱ ላይ ያለው ትልቁ ምስል የለም።

የምስሉን አድራሻ ከጥሬው ጽሑፍ ገልብጬ በብራውዘር ከፈትኩት። ተከፈተ። ያው አድራሻ በብራውዘሩ የግል መስኮት ውስጥ ሲለጠፍ ግን ምስል ሳይሆን «የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ያስገቡ» የሚል ገጽ መጣ። ምስሉ የተቀመጠው የውስጥ ሰነዶቻችን ማከማቻ ውስጥ ነው። እኛ ሁላችንም ጠዋት ኮምፒውተራችንን ስንከፍት ወደዚያ ገብተናል፤ ስለዚህ በሩ ለእኛ ክፍት ነው። ደንበኛው ግን ማንነቱ አይታወቅም፤ ሰርቨሩ በምስሉ ፈንታ የመግቢያ ገጽ ይልክለታል። የኢሜይሉ ፕሮግራም ሥዕል ጠብቆ የጽሑፍ ገጽ ሲደርሰው ምን ያድርግ? ባዶ ሣጥን ያሳያል።

ወጣቱ ባልደረባዬ «ጂሜይል የሚጠቀሙት ደንበኞች ቢያንስ የይለፍ ቃል እንዲያስገቡ ብንነግራቸውስ?» ብሎ ጠየቀ። አይሠራም። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2013 ጀምሮ ምስሎችን ለተጠቃሚው በቀጥታ አያስጠራም፤ የጉግል ሰርቨሮች በመካከል ሆነው ምስሉን ራሳቸው ሄደው ያመጡና ከራሳቸው ቦታ ያሳያሉ። ያ ለአንባቢው ጥሩ ከለላ ነው፤ ላኪው የአንባቢውን የኔትወርክ አድራሻ አያይም። ለእኛ ግን ትርጉሙ ምስሉን የሚጠራው ደንበኛው እንኳ አይደለም ማለት ነው። ማንም ያለ ይለፍ ቃል ሊደርስበት በሚችል ቦታ ካልተቀመጠ አይታይም።

ምስሉን ወደ ይፋዊ ድረ ገጻችን አዛወርነው፤ አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር ነው። የፋይሉንም ስም ቀየርኩት። የመጀመሪያው ስም በአማርኛ የተጻፈ፣ በመካከሉም ባዶ ቦታ ያለበት ነበር። በአማርኛ መሰየም ኃጢአት አይደለም፤ እኔም ሰነዶቼን እንዲሁ ነው የምሰይመው። በኢንተርኔት አድራሻ ውስጥ ግን እያንዳንዱ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊዎች ይጻፋል። አንዷ «ዓ» ዘጠኝ ቁምፊ ትሆናለች። በመንገድ ላይ ያሉ ማጣሪያዎች አድራሻውን ሲፈቱና መልሰው ሲጽፉ አንዱ ከተሳሳተ አድራሻው ይሰበራል። ባዶው ቦታ ደግሞ የባሰ ነው፤ አንዳንዱ ፕሮግራም አድራሻው እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። አጭር የላቲን ስም ሰጠሁትና አለፍኩ።

አሁን በስልክ ታየ፤ በጂሜይልም ታየ። በእኛው ቢሮ የዊንዶውስ አውትሉክ ላይ ግን ጠፋ!

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ አንድ ሰዓት ባከነብኝ። መጀመሪያ ፋየርዎሉን ጠረጠርኩ፤ ከዚያ የድረ ገጹን ሰርተፍኬት። ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። በመጨረሻ ምስሉን አውርጄ በተራ የጽሑፍ መክፈቻ ከፈትኩት። የተዘበራረቀ ምልክት ነው የሚታየው፤ ዋናው ግን የፋይሉ መጀመሪያ ነው። እውነተኛ ፒኤንጂ ፋይል ከአንድ እንግዳ ምልክት በኋላ ወዲያው ፒ፣ ኤን፣ ጂ የሚሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት ይዞ ይጀምራል። ይህ ግን «ሪፍ» በሚሉ አራት ፊደላት ይጀምርና ጥቂት ባይቶች አልፎ «ዌብፒ» ይላል። የስሙ ቅጥያ ፒኤንጂ ነው፣ ሥጋው ግን ዌብፒ የሚባል ሌላ የምስል ፋይል ዓይነት ነው። ለምስሉ ዝግጅት ኃላፊ የሆነው ባልደረባ ምስሉን ለማዛወር ሲያዘጋጅ ከድረ ገጽ ላይ አውርዶ ቅጥያውን በእጁ ለውጦታል። ብራውዘርና ስልክ ስሙን ትተው ውስጡን አይተው ያሳያሉ፤ በቢሮአችን ያለው ነባሩ የዊንዶውስ አውትሉክ ግን ዌብፒን አያሳይም። አውትሉክ ከ2007 እትም ጀምሮ ደብዳቤዎችን የሚያሳየው በዎርድ ሞተር ነው፤ ከዚያ በፊት በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነበር። ስለዚህ በብራውዘር መታየቱ ለአውትሉክ ዋስትና አይሆንም። አዲሱ አውትሉክ በድር ቴክኖሎጂ የተሠራ ስለሆነ ባሕርዩ ይለያል፤ በአንድ ቢሮ ውስጥ ሁለቱም ሲኖሩ «እኔ ጋ ይታያል» «እኔ ጋ አይታይም» የሚባለው ክርክር ከዚህም ይመነጫል። ኤስቪጂ የሚባለው የምስል ዓይነትም በነባሩ አውትሉክም ሆነ በጂሜይል ደብዳቤ ውስጥ አይሠራም። ለኢሜይል ፒኤንጂ፣ ጄፔግ፣ ጂአይኤፍ፤ ሌላ አያስፈልግም።

በምስል ማስተካከያ ከፍቼ በእውነተኛ ፒኤንጂ አስቀመጥኩ። ሁሉም ዘንድ ታየ።

ዓርብ

ከሁሉም ያስቸገረኝ የመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ነው። እዚያ የተቀመጡት አዛውንት ከሰኞ ጀምሮ ታግሠው ጠብቀውኛል። አድራሻው በአስተማማኝ ዝርዝር ውስጥ ነው፣ ምስሉ እውነተኛ ፒኤንጂ ነው፣ በአጠገባቸው ባለው ኮምፒውተር ይታያል፤ በእሳቸው ላይ ቀይ ኤክስ ነው። አውትሉክን ያለ ተጨማሪዎቹ ከፈትኩት፤ ያው ነው። አዲስ ፕሮፋይል ሠራሁ፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፣ ያው ነው። ያንን ከማድረጌ በፊት ማየት የነበረብኝ ነገር ነበር፤ እሱን የነገሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። «የድሮዎቹ ደብዳቤዎች ላይ ያሉት ሥዕሎች እኮ ይታዩኛል» አሉ።

ቆም ብዬ አየሁ። የድሮዎቹን ምስሎች አድራሻ ገለጥኩ፤ በኤችቲቲፒ ይጀምራሉ። አዲሶቹ በኤችቲቲፒኤስ ይጀምራሉ። ልዩነቱ አንዲት «ኤስ» ናት፤ የተመሰጠረና ያልተመሰጠረ። ወደ ዊንዶውስ የኢንተርኔት አማራጮች ገብቼ የላቁ ቅንብሮችን ስከፍት «የተመሰጠሩ ገጾችን ዲስክ ላይ አታስቀምጥ» የሚለው ተመርጧል። ነባሩ አውትሉክ ምስልን ለማሳየት መጀመሪያ በጊዜያዊ ማከማቻው ውስጥ ማስቀመጥ አለበት፤ ማስቀመጥ ከተከለከለ የሚያሳየው የለውም። ምልክቱን አነሣሁ፣ አውትሉክን እንደገና ከፈትኩ። ታየ።

አዛውንቱ «አየህ» አሉኝ። አየሁ። የሚያስቸግረውን ብቻ ሳይሆን የሚሠራውንም መጠየቅ ነበረብኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ በመጠይቄ ላይ «የትኞቹ ምስሎች ይታዩዎታል?» የሚል ጥያቄ ጨምሬአለሁ።

ከሰዓት በኋላ ከገንዘብ ያዥዋ ሌላ አቤቱታ መጣ፤ የፊርማ ምስሎች አንዳንዴ ይመጣሉ፣ አንዳንዴ ይቀራሉ፣ አባሪ ለመክፈት ስትሞክርም «ፋይሉን መፍጠር አልተቻለም» ይላታል። የምስሉና የአባሪው ችግር አብረው መምጣታቸው ወደ ጊዜያዊ ማውጫው መራኝ። አውትሉክ የሚከፍታቸውን አባሪዎች የሚያሳርፍበት የተደበቀ ማውጫ አለ፤ ቦታው በሬጂስትሪ ውስጥ ተጽፏል። ከፈትኩት። አብዛኞቹ የፊርማ ምስሎች ሲላኩ «ኢሜጅ 001» የሚል አንድ ዓይነት ስም ስለሚሰጣቸው፣ ማውጫው ከዚያው ስም በቅንፍ ቁጥር በተቀጠለባቸው ፋይሎች ተጨናንቋል። በመካከላቸው የከፈተቻቸው የክፍያ ሰነዶች ቅጂዎችም አሉ። አውትሉክን ዘግቼ፣ ሳታስቀምጥ አስተካክላ የተወችው ሰነድ አለመኖሩን ጠይቄ፣ ማውጫውን ባዶ አደረግኩት። ሁለቱም ችግሮች ቆሙ። ያንን ጥያቄ ሳይጠይቁ ማጽዳት አይገባም፤ ሰው አባሪን ከደብዳቤው ላይ ከፍቶ ሲያስተካክልና «አስቀምጥ» ሲል ሥራው የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ቀጣዩ ሰኞ

ሁለት ትንንሽ ጉዳዮች። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ምስሎች ሁሉ ያለ ምንም ጽሑፍ ባዶ ፍሬም ናቸው፤ በደብዳቤ ጽሑፍ ማስተካከያው የላቁ አማራጮች ውስጥ «የምስል ቦታ መያዣዎችን አሳይ» ተመርጦ ነበር፤ ተነሣ፣ አለቀ። ሌላው ደብዳቤዎቹን ሁሉ በተራ ጽሑፍ እንዲያነብ አድርጎ ያቀናበረ ባልደረባ ነው። ይህ ምርጫው ነው፣ አልነካሁበትም፤ እሱ መልስ ሲጽፍ ግን ልውውጡ ወደ ተራ ጽሑፍ ስለሚለወጥ ከዚያ በኋላ የሌሎችም ምስል ይጠፋል። ይህንን ነገርኩት፤ ምስል ባለበት ደብዳቤ ላይ ሲመልስ ቅርጹን እንዲለውጥ ተስማማን።

ማክሰኞ

ሥራው አልቋል ብዬ ሪፖርቱን እየጻፍኩ ሳለ በመረጃ ዴስክ የምትሠራው ባልደረባችን ደወለች። ማየት የተሳናት ናት፤ ኮምፒውተሩን የምትጠቀመው ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ፕሮግራም ነው። «ስለ ምስሎቹ እየዞርክ ትጠይቃለህ ሲሉ ሰማሁ፤ እኔ ጋ ግን አልመጣህም» አለችኝ። ወደ እሷ ያልሄድኩት ምስል አይመለከታትም ብዬ ነው። ይህንን በግልጽ ነገርኳት፣ ይቅርታም ጠየቅኳት። «የሚመለከተኝማ እኔን ነው» አለች። «ሳምንታዊው መልእክት ሲመጣ ፕሮግራሙ ‹ምስል› ይልና ዝም ይላል። የስብሰባውን ሰዓት ሁልጊዜ ጎረቤቴን ነው የምጠይቀው።»

መልእክቱን እንደገና ከፈትኩት፤ በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት አላውቅም። አናቱ ላይ ያለው ትልቁ ምስል ጌጥ አይደለም። የሳምንቱ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ በውስጡ ነው፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አዳራሹ። በጽሑፍ የተጻፈው «ውድ ባልደረቦች፣ ከታች ያለውን ይመልከቱ» የሚለው ብቻ ነው። ለአንድ ሳምንት ሙሉ ምስሉ እንዲታይ ስለፋ፣ በምስሉ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ለምን ጽሑፍ ሆኖ እንዳልተላከ አልጠየቅኩም። ምስሉ ታግዶ የነበረባቸው የሒሳብ ክፍል ኃላፊም፣ ቀይ ኤክስ የነበረባቸው አዛውንትም ያጡት ዓርማ አልነበረም፤ ያጡት የስብሰባውን ሰዓት ነው። እሷ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አጥታዋለች።

መልእክቱን ከሚያዘጋጀው ባልደረባ ጋር ቁጭ ብለን ከሥሩ ሠራነው። ፕሮግራሙ በጽሑፍ፣ በቀላል ሠንጠረዥ። ዓርማው ትንሽ ሆኖ በደብዳቤው ውስጥ የተካተተ። ለእያንዳንዱ ምስል ተለዋጭ ጽሑፍ፤ ምስሉ ሳይታይ ሲቀር በቦታው የሚነበበው፣ የድምፅ ፕሮግራሙም የሚያነብበው። ለዓርማው የመሥሪያ ቤቱን ስም ብቻ ጻፍን፤ «ሰማያዊ ክብ በውስጡ ነጭ መስመር» ብሎ መዘርዘር በየሳምንቱ ማሰልቸት ነው። ለጌጥ ብቻ የገባችው መለያ መስመር ተለዋጭ ጽሑፏ ባዶ ተደረገ፤ ባዶ መሆኑ ለፕሮግራሙ «ይህንን እለፈው» ማለት ነው።

ከዚያ ፈተናውን አደረግን። ወደ ውጭ አድራሻ ላክን፣ ምስሎችን ሁሉ አግደን ከፈትነው። ዓርማው አልታየም። ቀኑ፣ ሰዓቱና አዳራሹ ግን በሙሉ ይነበባሉ።

ሰኞ

መልእክቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ወጣ። 3 ሰዓት ከ10 ላይ ከመረጃ ዴስክ ተደወለ። «የረቡዑ ስብሰባ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው አይደል? አዳራሹም ተለውጧል» አለችኝ። እኔ መልእክቱን ገና አልከፈትኩትም ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ ከፍቼ አየሁ፤ ረቡዕ፣ 8 ሰዓት፣ ሁለተኛው ፎቅ።